በማዘያ የታሰረ ውኃ

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በማለዳ፣ ናዝሬት ልጇን አቅፋ የዶርቃን በር አንኳኳች። ዶርቃ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። የሁለት ዓመቷ አክሱማዊት በእናቷ ትከሻ ላይ ተዝለፍልፋለች፤ ዐይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ዶርቄ» አለች ናዝሬት። «እማማ ተሾመች ጥርስ ነው አሉኝ። እኔም ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ።»

ዶርቃ የልጅቷን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ወደ ቦታው ለመመለስ ዘገየ።

«ጥርስ አይደለም። ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን እየተቀባበሉ በጭቃው መሀል አለፉና እዚያው ላፍቶ ውስጥ ዶርቃ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ደረሱ። ሦስት ሰዓት ሳይሆን አክሱማዊት የእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ኦአርኤስ በማንኪያ እየተጎነጨች ነበር።

ዶርቃ የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሆሳዕና መጥታ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተምራ፣ ልዑልቃልን ካገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ልዑልቃል ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ለቡ ውስጥ በሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ገመድ ይዘረጋል። የሚኖሩት በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ናዝሬት ከእነሱ በላይ፣ እማማ ተሾመች ከእነሱ በታች ይኖራሉ። ዶርቃና ልዑልቃል ልጅ የላቸውም።

አክሱማዊት በዚያ ሳምንት ከዚያ ግቢ ታማ የመጣች አምስተኛ ልጅ ነበረች። ዶርቃ የልጆቹን ሰገራ በማይክሮስኮፕ አየች፤ አሜባም ጃርዲያም የለም። ባክቴሪያ መሆኑን ጠረጠረች። ባክቴሪያን ለይቶ ለማወቅ ግን ማሳደግ ያስፈልጋል፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ ያን አይሠራም። የልጆቹን ካርድ አንድ ላይ ደርድራ የብሎክ ቁጥራቸውን ተመለከተች። አምስቱም ከአንድ ታንከር የሚጠጡ የሁለት ብሎክ ልጆች ናቸው።

የከተማው ውኃ ወደ ግቢያቸው የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣበት ቀን ከመሬት በታች በሲሚንቶ በተሠራው ታንከር ይጠራቀምና በፓምፕ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ከዚያም ለየቤቱ ይወርዳል። ክረምቱ ከከበደ ወዲህ ደግሞ ከታንከሩ አሥር እርምጃ የማይርቀው የፍሳሽ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ፈስሶ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ የግቢውን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ገሠሠን በሩ ላይ አገኘቻቸው። አቶ ገሠሠ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ያልለኩትን ነገር አያምኑም።

«አቶ ገሠሠ፣ ታንከሩ ቢዘጋ ጥሩ ነው» አለቻቸው። «ልጆቹን ያሳመማቸው ውኃው ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አልሽ?»

«አዎ።»

«ዛሬ ጠዋት እኔው ራሴ ጠጥቼዋለሁ። ኩልል ያለ ውኃ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።»

«በዐይን የሚታይ አይደለም።»

«ልጄ፣ ሰማንያ ቤተሰብ የሚጠጣውን ውኃ በ‘ይመስለኛል’ ብዘጋ ነገ ምን እባላለሁ? የፊተኞቹ ልጆች ሲታመሙ አንቺው ባልሽው መሠረት ናሙና ልከናል። ውጤቱ ሲመጣ ያኔ እንዘጋለን።»

ናሙናው የተላከበት ላብራቶሪ ወረፋ ስለበዛበት የቀጠራቸው ለአሥራ ሁለት ቀን ነበር። ዶርቃ በዚያ ማታ ቤት ለቤት እየዞረች ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ አለች። መብራት ሄድ መጣ የሚልበት ሰሞን ነው። አንዳንዱ አፈላ፤ አንዳንዱ እሺ ብሎ በሩን ዘጋ።

«ውጤቱ ሲመጣ» የሚለው የአቶ ገሠሠ ቃል ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

ከአራት ዓመት በፊት ዶርቃ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ፀንሳ በሁለተኛው ወር ወርዶባታል፤ ይኸኛው ግን ተቀምጦ፣ ገፍቶ፣ ሆዷ ውስጥ መላወስ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ትኩሳት ቢጤ ተሰማት፣ ወገቧን ቆረጠማት። ሥራዋ ነውና ወዲያው ኢንፌክሽን ጠረጠረች። በዚያ ሳምንት ሽንት የሚመረመርበት ወረቀት አልቆ ነበር፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙን ቀይሮ የሚናገረው ያ ቀጭን ወረቀት። ስለዚህ ሽንቷን ይዛ ካልቸር የሚሠራ፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ቦታ ሄዳ ሰጠች። ያየቻት ሐኪምም መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ውጤቱን እንይ አለቻት። በአራተኛው ቀን ነይ ተባለች። በሦስተኛው ቀን ምጥ መጣባት።

ወንድ ነበር። አላለቀሰም። እሷ ማደንዘዣው ሳይለቃት ልዑልቃል ወስዶ ቀበረው። የምርመራውን ወረቀት ያመጣውም እሱ ነው፣ ከቀብሩ በማግሥቱ። ወረቀቱ ላይ የባክቴሪያው ስም፣ ከሥሩም የሚያጠፉት መድኃኒቶች ስም ተራ በተራ ተጽፏል። ሁሉም በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት የሚገኙ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። የት እንደቀበረው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። መጀመሪያ ለመጠየቅ አቅም አጣች። በኋላ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ መሰላት። እሱ ከሥራ ሲመጣ ስለ ፎርማኑና ስለ ጠፋው ሲሚንቶ ያወራል፤ እሷ ስለ ጤና ጣቢያው ታወራለች። በክትባት ቀን ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚሰለፉትን እናቶች ላለማየት በጓሮ በር ትወጣ እንደነበር ግን ነግራው አታውቅም።

አቶ ገሠሠን ባነጋገረች በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወደ መካኒሳ አቦ ሄደች። ኮሌጅ ያስተማሯት ጋሽ ወጋየሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው ቅያስ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ጆሯቸው ከብዷል፤ እጃቸው ግን አሁንም አይንቀጠቀጥም። በጎልማሳነታቸው ገጠር ለገጠር እየዞሩ የምንጭና የጉድጓድ ውኃ ይመረምሩ ነበር።

የመጣችበትን ጉዳይ ጮክ ብላ ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ማሽን በሌለበት አገር ምን እናደርግ እንደነበር ክፍል ውስጥ ነግሬያችሁ ነበር» አሉ። «ማን ያስታውሳል።»

«ወረቀቱን ነው?»

ፊታቸው በራ። «ወረቀቱን!»

ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወረዱ። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ፣ ታጥፈው የደረቁ ቡናማ ወረቀቶች አሉ። ሶፍት በሚመስል ወረቀት ላይ ብረት ያለበትን ኬሚካልና የባክቴሪያ ምግብ አብረው ነክረው ያደረቁት ነው። ከሰው አንጀት ወደ ውኃ ከሚገቡት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ሲባዙ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ብረቱን ሲያገኘው ያጠቁረዋል። የሚያስፈልገው አንድ የተቀቀለ ጠርሙስ፣ አንድ ወረቀትና ጥቂት ጉንጭ ውኃ ብቻ ነው።

«የባክቴሪያውን ስም አይነግርሽም» አሉ ጋሽ ወጋየሁ። «ውኃው ሰገራ ነክቶት እንደሆነ ግን ይነግርሻል። ለመዝጋት ይኼ አይበቃም?»

«ይበቃል።»

«እጄ እንዳይረሳ ብዬ በየዓመቱ እሠራቸዋለሁ። ፈልጎ የመጣ ሰው ግን የለም፤ ስድስት ዓመት ሆነው።» ይህን ሲሉ ወደ ቆርቆሮው ነበር የሚያዩት።

«በስንት ጊዜ ይጠቁራል፣ ጋሼ?»

«ሙቀት ካገኘ በአንድ ቀን። በዚህ ብርድ መስኮት ላይ ብታቆሚው ግን ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ ምናልባትም ያታልልሻል።»

«የጤና ጣቢያው ማሞቂያ ሣጥን ተበላሽቷል። ቤት ደግሞ መብራት የለም።»

ጋሽ ወጋየሁ ሳቅ አሉ። «ከሰው ገላ የሚበልጥ ማሞቂያ ከየት ይመጣል? እኛ ሆዳችን ላይ አስረን ነበር የምንዞረው፣ በቅሎ ላይ ሳይቀር። እሱ መብራት አይጠፋበት።»

ዶርቃ አልሳቀችም። እሳቸውም ታሪኳን ያውቁ ነበርና ፊቷን አይተው ወደ ቆርቆሮው ተመለሱ። ከዚያ ሰባት ወረቀት ቆጥረው በንጹሕ ላስቲክ ጠቀለሉላት። «አንዱ መጠባበቂያ ነው» አሏት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ልዑልቃል ወደ ለቡ ከወጣ በኋላ፣ ዶርቃ የቀቀለቻቸውን ስድስት ባዶ የሲሮፕ ጠርሙሶች አንዳንድ ወረቀት ከትታባቸው ሞላች። ሁለቱን ከምድሩ ታንከር፣ አንዱን ከጣሪያው፣ አንዱን ከእማማ ተሾመች ቧንቧ፣ አንዱን ከናዝሬት ቧንቧ። ስድስተኛው አፍልታ ያቀዘቀዘችው ውኃ ነው፤ ወረቀቱ ራሱ እንደማይዋሽ የምታውቀው በእሱ ነው። በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ጻፈችበት።

ጠርሙሶቹን አስተካክሎ የሚይዝ ሰፊ ጨርቅ አስፈለጋት። ሻርፕ ሞከረች፣ አንሸራተተ። ፎጣ ሞከረች፣ አጠረ። ከዚያ የቁም ሣጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ከፈተች። በአምስተኛው ወር ልዑልቃል ከመርካቶ ገዝቶት የመጣው ማዘያ፣ ገና ማኅተሙ እንኳ ሳይነሣለት፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ጥቂት ይዛው ቆመች። ከዚያ ጠርሙሶቹን በውስጡ በተርታ ጠቀለለችና ሆዷ ላይ ዙሪያውን አሠረችው። ብርጭቆው መጀመሪያ ቀዘቀዛት። ቀስ እያለ ገላዋን ለመደ፣ ከገላዋም ጋር እኩል ሆነ። ከላይ ሹራብ ደርባ ወደ ሥራ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ በዝግታ ሄደች፣ በዝግታ ተቀመጠች። ስትጎነበስ በእጇ ደገፍ አደረገችው። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም፤ ከአራት ዓመት በፊት ታውቀው የነበረ ነገር ነው።

ወደ ማታ ላይ ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፍ ያዘች። ከፊቷ የቆመ ጎልማሳ ዞር ብሎ አያትና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። «እርጉዝ ናት፣ አሳልፏት» አለ ለፊተኞቹ። ሰልፉ ተከፈተላት። ዶርቃ አይደለሁም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና አለፈች።

እማማ ተሾመች ደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለማታው የጾም ወጥ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ፍልሰታን እየጾሙ፣ በየቀኑ አቦ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቆመው ነው የሚመለሱት። ዶርቃ ሰላም ብላቸው ደረጃውን ልትወጣ ስትል እጃቸው ከጎመኑ ላይ ቆመ። ሹራቧን አዩ፣ ሆዷን የደገፈውን እጇን አዩ።

«ዶርቃ» አሉ ቀስ ብለው።

«አቤት፣ እማማ።»

ተነሡ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጉንጯን ያዙ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ያህል ዝም ትያለሽ? እኔ እኮ የዘንድሮን ፍልሰታ የያዝኩት ላንቺ ነው። የኛን ሃይማኖት ባትከተዪም እሷ የሁሉም እናት ናት ብዬ ነው የለመንኳት። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እጅሽን ይዛ በሽልም ታውጣሽ።»

ዶርቃ ይህን ምርቃት ለሌሎች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታለች። ለእሷ ሲባል አሁን ገና ነው፤ በፊተኛው ጊዜ ሆዷ ሳይታወቅ ነበርና ያለቀው። እውነቱን መናገር ነበረባት። ግን የአሮጊቷ እጅ ጉንጯ ላይ ነበር፣ ሞቃትና ሸካራ፤ ዶርቃም እጁ እንዲነሣ አልፈለገችም።

«አሜን» አለች።

ልዑልቃል አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ሌላ ቀን በሩን ከፍቶ የሥራ ቦርሳውን ጥሎ ነው የሚገባው። ዛሬ በቀስታ ገባ። በአንድ እጁ ብርቱካን ይዟል። ቆሞ አያት።

«እማማ ተሾመች በሩ ላይ ሳሙኝ» አለ። «እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ።»

ዶርቃ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«እውነት ነው?»

ዶርቃ ሹራቧን ገለጠች። የጠርሙሶቹ አንገት ከጨርቁ ላይ ተርታውን ብቅ ብቅ ብሎ ታየው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ታንከሩ፣ ስለ ጋሽ ወጋየሁ ወረቀት፣ ስለ ሙቀቱ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ልዑልቃል ሲሰማ ቆየ። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዐይኑ ግን ጨርቁ ላይ ነበር።

«ይኼ ማዘያው ነው» አለ። «ጥለሽው መስሎኝ ነበር።»

«አልጣልኩትም።»

ወደ በረንዳው ወጣ። በመስታወቱ ጀርባውን ታያለች፤ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል፣ ወይም ዝናቡ ነክቶታል። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ደረጃውን ስወጣ ስም እያሰብኩ ነበር» አለ። «ሁለት ፎቅ ብቻ ነው። ሁለት ፎቅ እስክወጣ ሦስት ስም አሰብኩ።»

«ይቅርታ፣ ልዑሌ። ልነግራቸው ነበር። አቃተኝ።»

«እኔም ብሆን አልነግራቸውም ነበር።»

ከላይ የናዝሬት ቤት ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከዚያ ዶርቃ አራት ዓመት የያዘችውን አወጣችው።

«የት ነው የቀበርከው?»

ልዑልቃል እጆቹን እያየ ቆየ። «አሳይሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ በአፌ አልችለውም። ወስጄ አሳይሻለሁ።»

«መቼ?»

«ይኼ ነገር ይለቅ። ቃሌ ነው።» ወደ ሆዷ በአገጩ ጠቆመ። «መቼ ነው የሚታወቀው?»

«ነገ ጠዋት።»

ተነሥቶ ጋቢውን አመጣና ትከሻዋ ላይ ጣለው፤ ጫፉንም ወደ ፊት ስቦ ጠርሙሶቹን ሸፈናቸው። «እንግዲያው እንዳይበርዳቸው» አለ።

ዶርቃ በዚያች ሌሊት በጀርባዋ ተኛች። ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ጠርሙሶቹ ሞቀዋል፣ ከባድ ናቸው፣ ፀጥ ብለዋል።

ሐሙስ ጠዋት ማዘያውን ፈትታ ጠርሙሶቹን መስኮቱ ላይ ደረደረች። ከምድሩ ታንከር የተቀዱት ሁለቱ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። የጣሪያውም ጠቁሯል። የእማማ ተሾመችና የናዝሬት ግማሽ ድረስ ጠይመዋል፤ ወረቀታቸው ግን ጥቁር ነው። የፈላው ውኃ ወረቀቱን በሥሩ ይዞ እንደ ትናንቱ ጥርት እንዳለ ነው። ልዑልቃል አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ሥራውን አልሄደም። ወርዶ አቶ ገሠሠን ጠራ፤ በየበሩ እያንኳኳም ሰው ሰበሰበ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ሠላሳ የሚሆን ሰው ከታንከሩ ክዳን ዙሪያ ቆመ። ናዝሬት አክሱማዊትን ታቅፋ መጣች፤ ልጅቷ ነቅታ እናቷ ፀጉር ላይ ትጫወታለች። በዚያ ማለዳ ግን ከሌላው ብሎክ አንድ ሕፃን ሆስፒታል መግባቱ ተሰምቶ ነበርና ማንም አያወራም። ዶርቃ ጠርሙሶቹን በትሪ ይዛ ወረደች። ስትመጣ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ አንዷ «ቀስ፣ ቀስ በይ፣ ያዳልጣል» አለቻት። ከዚያ ሆዷን አዩ። ጠፍጣፋ ነበር።

ዶርቃ ትሪውን የታንከሩ ክዳን ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋ እንዳይሰበር ቀስ ብላ ነው የጀመረችው።

«ትናንት ሆዴ ላይ ያያችሁት ይኼ ነው» አለች። «ሙቀት ስለሚፈልግ ታጥቄው ነው። ነፍሰ ጡር አይደለሁም። ስትመርቁኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ግን እሱን ተዉትና ይኼን እዩ። ይኼ የፈላ ውኃ ነው። እነዚህ ደግሞ ልጆቻችን የሚጠጡት ናቸው።»

አቶ ገሠሠ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ጥቁሩን አዩ፣ ጥርቱን አዩ፣ ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን አነበቡ። «ይኼ ወረቀት ይታመናል?» ብለው ጠየቁ። በክፋት አልነበረም፤ ልማዳቸው ነው።

መልስ የሰጡት ዶርቃ ሳትሆን እማማ ተሾመች ነበሩ። ከኋላ መጥተው ከትሪው ላይ የራሳቸውን ቧንቧ ጠርሙስ አነሡ፣ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ።

«ገሠሠ፣ ምን ትጠብቃለህ? ዝጋው እንጂ» አሉ።

ታንከሩ በዚያው ሰዓት ተዘጋ። ልዑልቃልና ሌሎች ወንዶች ውኃውን በፓምፕ አውጥተው ሲጨርሱ፣ በፍሳሽ ጉድጓዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ከስንጥቁ እርጥበት ይወርዳል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ጉድጓዱ ተመጠጠ፣ ታንከሩ በክሎሪን ታጠበ። ዶርቃ በሁለተኛው ሳምንት ከጋሽ ወጋየሁ አዲስ ወረቀት አምጥታ እንደገና ስድስት ጠርሙስ አሠረች፤ በዚያን ጊዜ አንዱም አልጠቆረም። ሆስፒታል የገባው ሕፃን በአምስተኛው ቀን ወጣ። የላብራቶሪው ውጤት በቀጠሮው ቀን መጣና ሁሉም ያወቀውን ነገር ተናገረ። አቶ ገሠሠ ወረቀቱን ራሳቸው በሯ ድረስ ይዘውላት መጡ። «ለካሁት» አሉ፣ አፍረው ፈገግ እያሉ፣ «ልክ ነበርሽ።»

ከዚያ በኋላ ከሌሎች ግቢዎችም ሰዎች ይጠይቋት ጀመር። እሷም ወደ መካኒሳ እየላከቻቸው የጋሽ ወጋየሁ ሳሎን በክረምቱ መጨረሻ ጠርሙስ በያዙ ሰዎች ሞላ። በጤና ጣቢያው ደግሞ ኃላፊዋን ወትውታ አንድ ነገር አስወሰነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርግዝና ክትትል የመጣች ሴት ሁሉ፣ አመማትም አላመማትም፣ ሽንቷ በዚያችው ሰዓት በወረቀት እንዲታይ ነው። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ቀድማ የምትጮኸው ዶርቃ ናት። አሁን ነፍሰ ጡሮቹ በሷ መስኮት በኩል ያልፋሉና በጓሮ በር መውጣት አልቻለችም።

እማማ ተሾመች ግን ከሐሙስ በኋላ ለአራት ቀን አላነጋገሯትም። በአምስተኛው ቀን ከቅዳሴ መልስ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው መጡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሳላጣራ አፌን ከፈትኩ» አሉ። «ባልሽን ጭምር አስደነገጥኩት። ይቅር በይኝ።»

«እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው፣ እማማ። ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ግን ደስ አለኝ።»

«ምኑ ነው ደስ ያለሽ?»

«እንደዚያ መመረቁ።»

እማማ ተሾመች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «እንግዲያው እኔ ምርቃቴን አላነሣም» አሉ። «የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ።»

ልዑልቃል ቃሉን ጠበቀ። በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከአምልኮ ሲወጡ፣ የለቡ ሚኒባስ አሳፈራት። ወርደው ግማሽ ሰዓት ያህል ያላለቁ ሕንፃዎች መሀል ሄዱ። ከሕንፃዎቹ ባሻገር በድንጋይ የታጠረ የመቃብር ቦታ አለ። ሌላው ሰው ስም በተጻፈባቸው ድንጋዮች መሀል ሲሄድ ልዑልቃል በአጥሩ ዳር ይዟት ሄደና ከአንድ የጽድ ዛፍ አጠገብ ቆመ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል።

«ትናንሽ ድንጋዮች ከብቤበት ነበር» አለ። «በየዓመቱ እየመጣሁ አስተካክላቸው ነበር፤ አምናና ዘንድሮ ግን ጎርፉ ወሰዳቸው። ከዚህ ዛፍ እስከዚያ አጥር ባለው ውስጥ ነው። ልክ የቱ ጋ እንደሆነ አሁን አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«በየዓመቱ ትመጣ ነበር?»

«ከሥራ ስወጣ። ቅርብ ነው።»

ዶርቃ ከዛፉ እስከ አጥሩ ያለውን ሣር በዐይኗ ሄደችበት፣ ተመለሰችበት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔ አላየሁትም» አለች። «ምን ይመስል ነበር?»

ልዑልቃል መናገር ጀመረ፤ ጣቶቹ ረዣዥም እንደነበሩ፣ እንደ እሷ፤ ግንባሩ ላይ እንደ አቧራ የቀለለ ፀጉር እንደነበረ፤ በምን ጨርቅ እንደጠቀለለው፤ በታክሲ ይዞት ሲመጣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት የተኛ ልጅ መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስልክ እንዳወራች። ዶርቃ አንዱንም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ሌላስ?» አለችው። እሱም ያስታወሰውን ጨመረላት። ዝናቡ ከፉሪ ተራራ በኩል እየመጣ እንደሆነ ሁለቱም አዩ፣ ግን አልተነሡም።